የአባዬ ዘፈኖች ከነጭልፋቸው ሠርግ ሄዱ

በመጀመሪያ ጥፋቱ የኔ መሆኑን ልናገርና ይውጣልኝ። እናቴ ይህን ስታነብ «ዋናውን ነገር መጨረሻ ላይ ደበቅሽው» እንዳትለኝ ነው። የፔርሙዙም፣ የጭልፋውም፣ የሠርጉም ጥፋት የኔ ነው። ይኸው ተናገርኩ። አሁን ቀለል ስላለኝ ነገሩን ከሥሩ ላውጋችሁ።

አባዬ ልብስ ሰፊ ነው። ከወሎ ወደ መቐለ ከእናቴ ጋር የመጣው እኔ ሳልወለድ ነው። ሰሜን ክፍለ ከተማ፣ ወደ ውቕሮ በሚወጣው መንገድ ዳር፣ የቤታችንን የፊት ክፍል ሱቅ አድርጎ ይሰፋል። ኢንዱስትሪ ፓርክ የሚሠሩ ልጆች ቀሚሳቸውን ሊያስጠብቡ እሱ ዘንድ ይመጣሉ፤ ቀኑን ሙሉ ልብስ ሲሰፉ ውለው የራሳቸውን ለሌላ ሰው መስጠታቸው ሁልጊዜ ይገርመኛል። አባዬ ያለ ዘፈን አይሰፋም። ያለ ዘፈን የሰፋው ሱሪ አንዱ እግሩ ያጥራል። ይህን ያሉት አንድ ደንበኛ ናቸው፤ ሱሪውን ለብሰው መጥተው አሳይተውናል።

ድሮ ዘፈኖቹ ካሴት ላይ ነበሩ። ክሩ እየተጎተተ ዘፋኞቹ ሁሉ የታመሙ ሲመስሉበት፣ አባዬ ካሴቶቹን አንድ ሱቅ ወስዶ ወደ ሚሞሪ ካርድ አስገለበጣቸውና እነሱን እዚያው ጥሎ መጣ። ካርዷ ጥፍሬን ታህላለች፤ ውስጧ ግን ከሺህ በላይ ዘፈን አለ። ችግሩ የሁሉም ስም አንድ መሆኑ ነው፤ ትራክ። ትራክ አንድ፣ ትራክ ሁለት፣ ትራክ ስምንት መቶ ሰባት። አልቃሹም ትራክ፣ ጨፋሪውም ትራክ።

አባዬ ደግሞ ዘፈንን በስሙ ጠርቶ አያውቅም።

«ያቺን አምጪልኝ» ይላል፣ እግሩ የስፌት መኪናው ላይ እንዳለ።

«የቷን?»

«ሰውዬው የሚያስነጥስባትን።»

ወይም «መብራት ጠፍቶ የተቋረጠችውን» ይላል። አንድ ቀን ደግሞ «አራስ እያለሽ አልቅሰሽ ያዘጋሽኝን» አለኝ። እኔ አራስ ሆኜ ያዘጋሁትን ዘፈን በምን ላስታውሰው?

ራሱ ፈልጎ እንዳይከፍት ስልኩ አባዬን አያውቀውም። ስንት ዓመት መርፌ ሲገፋ የኖረ ጣት ነው፤ ጫፉ እንደ ጫማ ሶል ጠንክሯል። መስታወቱ ላይ ሲያሳርፈው ስልኩ ማንም የነካው አይመስለውም። አንዴ በአፍንጫው ሲሞክር ደርሼበታለሁ። ስለዚህ እጠራለሁ። የሒሳብ የቤት ሥራዬ መሃል ገብታ «ያቺ» ያልበተነችብኝ ቀመር የለም።

ከሁሉም የባሰች አንዲት «ያቺ» ነበረች።

አባዬ ወጣት እያለ፣ እዚያው ወሎ፣ አንድ ጓደኛው ሲያገባ ሠርጉ ላይ ዘፍኗል፤ ቴፕ ያለው ሰው ቀድቶታል። ይህን የሚለው አባዬ ነው። ጋሽ ሰይድ ደግሞ «የዘፈንኩት እኔ ነኝ» ይላሉ። ጋሽ ሰይድ የአባዬ አብሮ አደግ፣ የጭነት መኪና ሹፌር ናቸው። ከኮምቦልቻ ዕቃ ጭነው በመጡ ቁጥር እኛ ቤት ያርፋሉ፤ ባረፉ ቁጥር ክርክሩ ይነሳል።

«አንተማ የዚያን ቀን ጉንፋን ይዞህ ነበር፣ መሐመድ።»

«ጉንፋን የያዘህስ አንተን!»

«ወላሂ፣ ድምፄን ሰምታ ሙሽራዋ እንኳ ዞር ብላ አይታኛለች።»

«ዞር ያለችው ዝም በል ልትልህ ነዋ!»

ሃያ ዓመት እንዲህ ተባብለዋል። እናቴ ትሪውን አስቀምጣ ትወጣለች። ዳኛ ሲያጡ ሁለቱም ወደኔ ያያሉ። እኔ ያኔ አልተወለድኩም።

ባለፈው ወር ጋሽ ሰይድ ደውለው «ቅዳሜ እመጣለሁ» አሉ። አባዬ ስልኩን አስቀመጠና መነጽሩን አወለቀ። አባዬ መነጽሩን ካወለቀ ነገሩ የምር ነው።

«ልጄ» አለኝ፣ «ያቺ ዘፈን እዚያች ካርድ ውስጥ አለች። ሰይድ ሳይመጣ አውጪልኝ።»

«አባዬ፣ ከሺህ ዘፈን ውስጥ?»

«ሰው በገዛ ድምፁ ሃያ ዓመት ውሸታም ሲባል ደስ አይልም» አለኝ፣ መርፌውን እያየ።

የሚቀልድ መስሎኝ ፊቱን ፈለግኩት። አልቀለደም። እኔም ያኔውኑ ቆረጥኩ። እኔ አንዴ ከቆረጥኩ ደግሞ እናቴ ራሷ ከመንገዴ ዞር ትላለች። ያቺን ዘፈን ማውጣት ብቻ ሳይሆን፣ አባዬ ከእንግዲህ እኔን ሳይጠራ የፈለገውን ዘፈን በገዛ እጁ እንዲከፍት አደርጋለሁ ብዬ ማልኩ። ግማሹ መሐላ ለአባዬ ነው፤ ግማሹ ለሒሳቡ።

ሐሳቡን ያገኘሁት ቪዲዮ ላይ ነው። አንዲት ሴትዮ የእንጨት ቁራጭ አንስታ ሣጥን ላይ ስታስቀምጥ ዘፈን ይጀምራል። ሌላ ቁራጭ ታነሳለች፣ ሌላ ዘፈን። ጣት የለ፣ ትራክ የለ! እንጨቱ ላይ የተለጠፈው ውስጡ ቺፕ ያለበት ስቲከር ነው። ያንን ፍለጋ ከተማውን ዞርኩ። አንዱ ሱቅ የስልክ መስታወት መከላከያ ሰጠኝ። ሌላው «ስንተኛ ክፍል ነሽ?» ብሎ ጠየቀኝ። ስለዚህ ወደ ኪውአር ኮድ ዞርኩ፤ ያ ጥቁርና ነጭ ነጥብጣብ ያለበት አራት ማዕዘን፣ ስልክ ሲያየው የሆነ ነገር የሚከፍትለት። አባዬ ከሺው ውስጥ የሚወዳቸውን ሠላሳ ዘጠኝ ዘፈኖች መረጠ፤ አርባኛውን ቦታ ለዋናዋ «ያቺ» ተወላት። እኔ ኢንተርኔት ላይ ጫንኳቸው፣ ለእያንዳንዱ ኮድ አወጣሁለት፣ ፎቶ ኮፒ ቤት አሳተምኩ፣ በግልጽ ፕላስተር የቤት ዕቃ ላይ ለጠፍኩ። የሱቁን አሮጌ ስልክ የስፌት መኪናው አጠገብ አቆምኩት። ዕቃውን ፊቱ ብቅ ስታደርጉለት ያዘፍናል። የኛ ብቻ ሳይሆን የማንም ስልክ ያንን ኮድ ካየ ያዘፍናል። ይህን ያዙልኝ፤ በኋላ ጉድ የሚያፈላው እሱ ነው።

የትኛው ዘፈን የትኛው ዕቃ ላይ እንደሚለጠፍ የወሰነው አባዬ ነው።

«አስነጣሹ ካውያው ላይ ይሁን። የከሰሉ ጭስ እኔንም ያስነጥሰኛል፣ አልረሳውም።»

«ረጅሙ መንዙማስ?»

«ሳፋው ላይ። ሰፊ ነው፣ ይበቃዋል።»

ዶሮ የሚጮህባት ዘፈን የእናቴ ጭልፋ እጀታ ላይ ሄደች። የአራስነቴ ዘፈን የስኳር ጣሳ ደረሰው። አባዬ ከደስታው ብዛት ካውያውን እንደ ሕፃን እያነሳ ለስልኩ ያሳየው ጀመር። ሰውዬው ባስነጠሰ ቁጥር «ይማርህ!» ይለዋል።

እናቴ ግን መከራዋን አየች። ወደ ጓሮ የሚወስደው መንገድ በስልኩ ፊት ነው። ሳፋ ይዛ ስታልፍ መንዙማው ይጀምራል፤ ስትመለስ እንደገና ከመጀመሪያው ይጀምራል።

«አንቺ ልጅ፣ ልብስ ማጠቤን የሼህ ደጅ ዚያራ አደረግሽብኝ እኮ!»

«እማዬ፣ ሳፋውን ገልብጠሽ ያዢው።»

«ውሃውንስ?»

ያቺን ዋናዋን ዘፈን ያገኘኋት ሐሙስ ከትምህርት ቤት ስመለስ ነው። ትራክ ስድስት መቶ ምናምን። የሰው ጫጫታ፣ ጭብጨባ፣ አንድ ሰው «ዝም በሉ፣ ሊጀምር ነው!» ሲል፣ ከዚያ የወንድ ድምፅ «ኧኸ» ብሎ ጉሮሮውን ሲጠርግ። አባዬ ከመቀመጫው ተስፈንጥሮ ተነሳ።

«እኔ ነኝ! የኔ ሳል ነው! ዝጊው፣ ዝጊው!»

«ለምን? እንስማው እንጂ።»

«ሰይድ ባለበት ነው የሚከፈተው። እሱ ሳይሰማ እኔም አልሰማም።»

ዘጋሁት። እንደ ሌሎቹ ኢንተርኔት ላይ ጭኜ ኮዱን ሰማያዊው ፔርሙዝ ላይ፣ በማስመሪያ ለክቼ ቀጥ አድርጌ ለጠፍኩት። ጋሽ ሰይድ ያለ ሻይ አይቀመጡም፤ አባዬ ሻዩን ራሳቸው እንዲቀዱ ፈልጎ ነው። ሻይ በቀዱ ቁጥር እንዲሸነፉ!

አሁን ወደ ሞኝነቴ እንግባ፤ እስካሁን ያላችሁት በሩ ላይ ነው። ካርዱ ሞልቶ ስለነበር፣ «ኢንተርኔት ላይ አሉ አይደል» ብዬ አርባዎቹን ዘፈኖች ከካርዱ ሰረዝኳቸው። የከፈትኩት አካውንት የይለፍ ቃል ደግሞ ማንም እንዳይገምተው አድርጌ ያወጣሁት ነው። እውነትም ማንም አልገመተውም። እኔም ጭምር። ስለዚህ ወደ አርባዎቹ ዘፈኖች የሚያስገቡት በሮች አርባዎቹ ስቲከሮች ብቻ ሆኑ። ቢሆንም አልደነገጥኩም። ካውያና ሳፋ ከቤት ወጥተው የት ይሄዳሉ?

ሠርግ ይሄዳሉ።

ዐርብ ከትምህርት ቤት ስመለስ ቤታችን ባዶ አፉን ከፍቶ ጠበቀኝ። ፔርሙዝ የለ፣ ጭልፋ የለ፣ ሳፋ የለ፣ ጣሳ የለ።

«ሌባ ገባ እንዴ?»

«ለኣደይ ለተብርሃን ሰጠሁት» አለች እናቴ፣ ነገሩ ቀላል እንደሆነ ሁሉ። «እሑድ ልጇን ትድራለች አይደል?»

ኣደይ ለተብርሃን ጎረቤታችን ናቸው፤ ኣደይ በትግርኛ «እናቴ» ማለት ነው፤ ክርስቲያን ናቸው። ሰፈራችን ሲድር ለሙስሊሙ እንግዳ ለብቻ ይታረዳል፣ ለብቻ ይበሰላል፤ ዕቃውም ከሙስሊም ቤቶች ይሰበሰባል። የዚህ ሠርግ የሙስሊሙ ድስት ኃላፊ ደግሞ እናቴ ነበረች። ያለ ጭልፋዋ አታበስልም። የቤቱን ዕቃ ጠራርጋ የሰጠችው ለዚህ ነው። ካውያው ሳይቀር የሙሽራዋን ልብስ ሊተኩሱበት ሄዷል።

ቦርሳዬን ሳላወርድ ሮጥኩ።

ዳሱ በር ላይ ዕቃ የሚረከቡት የኣደይ ለተብርሃን ታላቅ እህት፣ ኣደይ ምሕረት ናቸው፤ ከኲሓ የመጡ። ለየቤቱ ዕቃ ምልክት ያደርጋሉ፤ ለአንዱ ቀይ የጥፍር ቀለም፣ ለሌላው አረንጓዴ ክር። ከእሳቸው እጅ ማንኪያ ጠፍቶ አያውቅም ይባላል።

«ንዒ፣ ጓለይ!» አሉኝ፤ ነይ ልጄ ማለታቸው ነው። «የዘይነባ ልጅ አይደለሽ? የእናንተ ምልክት በጣም ጽቡቕ ነው! ማን ሠራው?»

«እኔ ነኝ፣ ኣደይ።»

«ዋእ! ጎበዝ። ግን ተሳስተሻል። አንዱ ካንዱ አይመሳሰልም። ዐይኔ ደህና ነው፣ ነጥቦቹን አየኋቸው። የአንድ ቤት ምልክት እንዴት አርባ ዓይነት ይሆናል?»

«እሱማ...»

«የሙስሊሙ ዕቃ ከእኛ ድስት ጋር ቢደባለቅብኝ እናትሽን በየትኛው ዐይኔ አያታለሁ? አይዞሽ፣ አስተካክዬዋለሁ።»

«እንዴት አስተካከሉት?»

«አንዱን መርጬ በፎቶ ኮፒ አባዛሁት። በሙስሊሙ ዕቃ ሁሉ ላይ፣ ከእናንተም ከሌላውም ቤት በመጣው፣ ብርጭቆ ሳልተው ለጠፍኩት። ሌሎቹን ላጥኳቸው።»

«የትኛውን መረጡ?»

«የሰማያዊውን ፔርሙዝ። ቀጥ ብሎ የተለጠፈ እሱ ብቻ ነው።»

«የቀረ ኮፒ አለ? አንድ ብቻ ይስጡኝ፣ በጃኹም።»

«ያ ሁሉ ብርጭቆ እያለ ምን ይቀራል? ዕቃውም ተቆልፎበታል፤ እሑድ ነው የሚከፈተው።»

«የላጡትንስ የት አደረጉት?»

በአገጫቸው ወደ ጓሮ አመለከቱኝ። እዚያ ሴቶቹ ከጠዋት ጀምሮ የላጡት የሽንኩርት ልጣጭ ተራራ ሆኖ ተቀምጧል። የአባዬ ሠላሳ ዘጠኝ ዘፈኖች ከሥሩ ናቸው።

ቦርሳዬን አውልቄ ገባሁበት። ልጣጩን በእፍኝ እያነሳሁ፣ እያራገፍኩ፣ ፕላስተር የነካውን ሁሉ እየለየሁ። ዕንባዬ እንደ ቧንቧ ይወርዳል፤ ግማሹ የሽንኩርቱ ነው። የሚያልፉት ሴቶች ደግሞ የሙሽራዋ መሄድ ያስለቀሰኝ መሰላቸው።

«አይዞሽ፣ ዓዲግራት ነው የምትሄደው፣ ቅርብ ነው!»

«በሁለት ሳምንቷ ትመለሳለች እኮ፣ ጓለይ!»

አንዷ ጭራሽ አብራኝ አለቀሰች። እኔ ልጣጩን ጨብጬ አንዴ አመሰግናታለሁ፣ አንዴ እግርሽን አንሺልኝ እላታለሁ፤ ተረከዟ ሥር አንድ ስቲከር አይቻለሁና። ሲመሽ ሠላሳ አራት አገኘሁ። አምስቱ የትም የሉም።

ቅዳሜ ጋሽ ሰይድ መጡ።

«እሺ፣ ማስረጃው የታለ?» አሉ፣ ገና ጫማቸውን ሳያወልቁ፤ አባዬ ቀድሞ ደውሎ ነግሯቸዋል።

አባዬ እኔን አየኝ። «ፔርሙዙ ላይ ነው። ፔርሙዙ ሠርግ ሄዷል።»

«ሸሸ በለኛ!» ጋሽ ሰይድ ከሣቃቸው የተነሳ ወንበሩን ያዙ። «ማስረጃው ራሱ አፍሮ ሸሸ!»

አባዬ ወደ ስፌት መኪናው ተመለሰ። ያን ቀን ከሰዓት የሰፋው ቀሚስ እጅጌው ተገልብጦ ነው የገባው፤ ዘፈንም አላስከፈተኝም። እኔም ነገ ከዚያ ዳስ ያንን ኮድ ሳልይዝ አልመለስም አልኩ፤ ፔርሙዙን አቅፌም ቢሆን።

እሑድ ዳሱ ሞላ። በቀኝ በኩል የሙስሊም እንግዶች ጠረጴዛዎች ተደርድረዋል። እያንዳንዱ ብርጭቆ፣ እያንዳንዱ ሳህን፣ እያንዳንዱ ጆግ ላይ ያ ነጥብጣብ አራት ማዕዘን ተለጥፏል። እናቴ ከጠረጴዛዎቹ ጀርባ ድስቷ ላይ ቆማለች። አባዬና ጋሽ ሰይድ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ አይነጋገሩም። እኔ የሱቁን ስልክ ጨብጬ ወደ አንድ ብርጭቆ እየተጠጋሁ ነበር።

አንድ እንግዳ ቀደመኝ። የሠርጉ ፎቶ የሚታይበት መስሎት ስልኩን ወደ ብርጭቆው አዞረ። «ዝም በሉ፣ ሊጀምር ነው!» አለ ስልኩ። ጎረቤቱ ሣቀና የራሱን ብርጭቆ ሞከረ። «ዝም በሉ፣ ሊጀምር ነው!» አለ ያኛውም። ትንሽ ቆይቶ ጠረጴዛው ሁሉ ስልኩን አውጥቶ ብርጭቆውን ያይ ጀመር። አርባ ስልክ አንዱ ካንዱ ግማሽ ቃል እየዘገየ ጉሮሮውን ጠረገ። ኪቦርድ ተጫዋቹ ለጥቂት ጊዜ ሊከተል ሞከረ፤ የትኛውን እንደሚከተል ቢጠፋው እጁን አንስቶ ተቀመጠ።

ከዚያ ስልኮቹ ውስጥ አባዬ ዘፈነ።

እውነቱን ልንገራችሁ፤ አባቴ እንዲህ ይዘፍናል ብዬ አስቤ አላውቅም። ወጣት ድምፅ ነው፣ ጠራ ያለ፣ ከፍ ሲል የማይፈራ። የአባዬ መሆኑን ለማወቅ ግን ማንም መጠየቅ አያስፈልገውም ነበር። አባዬ ከወንበሩ ተነሥቶ ቆመ።

«ሰይድ! ስማ!»

ጋሽ ሰይድ እጃቸውን ጆሯቸው ላይ አድርገው እስከ ስንኙ መጨረሻ ሰሙ። ከዚያ ብርጭቆውን አስቀመጡ።

«ጉንፋኑ ለቆህ ነበር ማለት ነው» አሉ ቀስ ብለው። «ይቅር በለኝ፣ መሐመድ። አንተ ነህ።»

አባዬ ደረቱ ሰፋ። ሃያ ዓመት ሙሉ የታጠፈ ሰው ሲዘረጋ አየሁት። ይሄኔ ሁሉም ስልካቸውን ቢዘጉ ኖሮ ታሪኬ እዚህ ያልቅ ነበር። አልዘጉም። ሁለተኛው ስንኝ ጀመረ፣ ሁለት ቃል ሄደ፣ ቆመ። ቴፑ ላይ ያለው አባዬ ግጥሙ ጠፋው። አርባ ስልክ ላይ ጸጥ አለ። ከዚያ አርባ ስልክ ላይ ሠርገኛው ሣቀበት።

ሣቁ ሳያልቅ አንዲት ሴት ገባች። እሱ የጣላትን ቃል ከጣላት ቦታ አንሥታ ቀጠለች፤ ከዚያ በኋላም አልመለሰችለትም። ቴፑ ላይ ጭብጨባው ሞቀ፣ ዳሱ ውስጥም ሞቀ። ሦስተኛውን፣ አራተኛውን፣ እስከ መጨረሻው የዘፈነችው እሷ ናት።

አባዬ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። ጋሽ ሰይድን አየ። ጋሽ ሰይድ እሱን አዩ። ከዚያ ሁለቱም ድምፁን አውቀውት አንድ ላይ ወደ ድስቱ ዞሩ።

እናቴ ጭልፋዋን ይዛ ቆማለች፤ ወጡ ከጭልፋው ጫማዋ ላይ ይንጠባጠባል።

«ዘይነባ፣ አንቺ ነሽ እንዴ?» አለ አባዬ።

«ሰው መሃል ቆመህ ግጥሙ ጠፋህ» አለች። «አሳዘንከኝ።»

ጋሽ ሰይድ ብድግ አሉ። «ታዲያ ሃያ ዓመት ስንጨቃጨቅ ትሪ እያስቀመጥሽ ዝም ትያለሽ?»

«የጠየቀኝ አለ?» አለች እናቴ፣ ወደ ድስቷ ተመልሳ።

ሴቶቹ እልልታውን ለቀቁት። ኣደይ ምሕረት ከበሩ ላይ ሆነው «ምልክቱን የመረጥኩት እኔ ነኝ!» እያሉ ለሚያልፈው ሁሉ ይናገሩ ነበር። ዕቃውም አንድ ማንኪያ ሳይጎድል ተመልሷል፤ ይህን ለእሳቸው መመስከር አለብኝ።

ሠላሳ አራቱን ስቲከሮች አጥቤ፣ አድርቄ፣ አንድ በአንድ ሞከርኳቸው። አስነጣሹ ከነሽታው ተርፏል። የአራስነቴ ዘፈን ከጠፉት አምስቱ አንዱ ነው፤ የይለፍ ቃሉን በየቀኑ ከትምህርት ቤት መልስ እየገመትኩ ነው፣ አልተውም፣ አገኘዋለሁ። እናቴን ግን አንድ ነገር ጠየቅኳት።

«እማዬ፣ ያንቺን ዘፈን የት ላይ ልለጥፈው?»

«ዕቃዬን ተዪልኝ» አለች። «መስማት የፈለገ ይጠይቀኝ።»

ሰኞ ጠዋት አባዬ የስፌት መኪናውን አቆመ፣ መነጽሩን አወለቀ፣ እስከ ጓሮው በር ሄደና ጠየቃት። እናቴ እጇን ከሳፋው አውጥታ በቀሚሷ ጠረገች።

«እሺ፣ አንተ ጀምር» አለችው፣ «ስትረሳ እገባለሁ።»